አንድ ጠበቃ በሁለት ችሎት ፊት
የዴኒስ ኖዌል ፕሪት ሕይወትና ሥራ

የጥብቅና ሙያ በአንደበት ቅልጥፍና ብቻ የሚመዘን አይደለም። ጠበቃ የወዳጁንም ሆነ የባላጋራውን ማስረጃ በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ ያለው ቆራጥነት፣ ከንግግሩ ማማር ይልቅ ማንነቱን ይገልጣል። በሃያኛው መቶ ዓመት ስማቸው ከገነነ የብሪታንያ ጠበቆችና ፖለቲከኞች መካከል የዴኒስ ኖዌል ፕሪት ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ብርታቱም ጉድለቱም በችሎት ፊት ታይቷልና።

ፕሪት በ1887 ዓ.ም. ያን ጊዜ በለንደን አጠገብ በነበረችው በሃርልስደን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዊንቸስተር ኮሌጅና በለንደን ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1909 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1927 ደግሞ «የንጉሡ የሕግ አማካሪ» ለተባለው ከፍተኛ የጠበቆች ማዕረግ በቃ። በ1935 የሌበር ፓርቲን ወክሎ ከሰሜን ሃመርስሚዝ ለፓርላማ ተመረጠ። ሶቪየት ኅብረት በፊንላንድ ላይ የከፈተችውን ጦርነት በመደገፉ በ1940 ከፓርቲው ተባረረ፤ ይሁን እንጂ በ1945 በግሉ ተወዳድሮ እንደገና ስለ ተመረጠ እስከ 1950 ድረስ በመቀመጫው ቆየ።

ስሙን ከአገሩ ውጭ ያስጠራው ግን ከፓርላማው ንግግር ይልቅ ለቅኝ ተገዢ ሕዝቦች የቆመው ጥብቅና ነው። ኋላ ሆ ቺ ሚን በመባል የታወቀው ቬትናማዊ በ1931 በሆንግ ኮንግ ተይዞ፣ በሌለበት ሞት ወደ ፈረደችበት ወደ ፈረንሳይ ግዛት ሊላክ በተቃረበ ጊዜ፣ ጉዳዩ በይግባኝ ለንደን በሚገኘው ፕሪቪ ካውንስል ቀረበ። ለይግባኝ ባዩ ጠበቃ የሆነው ፕሪት፣ ለሆንግ ኮንግ መንግሥት የቆመው ደግሞ ሌላው የሌበር ፓርቲ ሰው ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ነበር። ክርክሩ በ1932 በስምምነት ተዘጋ፤ እስረኛውም ለፈረንሳዮች ተላልፎ ከመሰጠት ዳነ።

ከሃያ ዓመት በኋላ በኬንያ የጠበቀው ሙግት ከዚህ የከፋ ነበር። በጥቅምት 1952 የተያዙት ጆሞ ኬንያታና አምስት ጓደኞቹ የማው ማውን ንቅናቄ መርታችኋል ተብለው የተከሰሱት በርቀቷ ተመርጣ በነበረችው በካፔንጉሪያ ነው። ችሎቱ የተሰየመው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ጠበቆቹ ማደሪያ በማጣታቸው ከኪታሌ ከተማ በየቀኑ እየተመላለሱ ይከራከሩ ነበር። ከፕሪት ጋር የጃማይካው ዱድሊ ቶምፕሰን፣ የናይጄሪያው ኤች. ኦ. ዴቪስ፣ የህንዱ ዲዋን ቻማን ላልና ሌሎችም ተሰልፈዋል። ፕሪት የመከላከሉን ሥራ የሚያሰናክለውን ሁኔታ በመግለጽ ለብሪታንያ የፓርላማ አባላት ቴሌግራም በመላኩ ችሎት ደፍረሃል ተብሎ እስከ መከሰስ ደረሰ፤ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በነፃ አሰናበተው።

በመስቀለኛ ጥያቄው፣ ያልተደገፈ የአንድ ሰው ቃል ለፍርድ መሠረት ሊሆን እንደማይገባ ለማሳየት ደከመ። ዳኛው ራንስሊ ታከር ግን የዓቃቤ ሕጉን ምስክር አምኖ በሚያዝያ 1953 በስድስቱም ላይ የሰባት ዓመት ከባድ እስራት ፈረደ። ይህ ዳኛ ከቅኝ ግዛቱ መንግሥት 20,000 ፓውንድ መቀበሉ ኋላ ታወቀ። ኬንያታ መሐላ ሲያስፈጽም አይቻለሁ ያለው ዋና ምስክርም በ1958 ቃሉ ሐሰት እንደ ነበረ ገለጠ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ንቁ ዓይን ያለው ጠበቃ በሞስኮ ምን አየ? በነሐሴ 1936 ዚኖቪየቭ፣ ካሜኔቭና ሌሎች አሥራ አራት ሰዎች ሲከሰሱ ፕሪት በአዳራሹ ተገኝቶ ነበር። ክሱ የቆመው ከሞላ ጎደል በተከሳሾቹ የእምነት ቃል ላይ ብቻ ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ በ1932 ኮፐንሃገን በሚገኘው ብሪስቶል ሆቴል ከትሮትስኪ ልጅ ጋር ተገናኝቼአለሁ አለ፤ ሆቴሉ ግን ከ1917 ወዲህ አልነበረም። በካፔንጉሪያ ቢሆን ፕሪት ይህን የመሰለውን ቃል በአንድ ጥያቄ ባፈረሰው ነበር። በሞስኮ ግን ዝም አለ፤ ከዝምታም አልፎ ፍርዱ ትክክለኛ ነው ሲል ጽሑፍ አሳተመ። አሥራ ስድስቱም ተረሽነዋል።

ይህን ስሕተት ከጉቦ ወይም ከፍርሃት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ለእምነቱ ሲል ሥልጣንና ወዳጅ ያጣ ሰው ነበርና። ያሳወረው የተስፋው ጽናት ነው። የሚጠላው መንግሥት የሚያቀርበውን ማስረጃ ይመረምራል፤ የሚወደው መንግሥት የሚያቀርበውን ይቀበላል። ለሙያው ሰዎች ያተረፈው ትምህርትም ይኸው ነው።

ፕሪት በ1972 አረፈ። ከካፔንጉሪያ ተከሳሾች ዋነኛው በ1961 ተፈትቶ፣ በ1963 ነፃ የወጣችውን አገሩን ሲመራ ለማየት በቅቷል። የሞስኮዎቹን የሶቪየት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ንጹሓን ናቸው ያለው ግን በ1988 ነው፤ ያን ጊዜ ተከሳሾቹም ያንን ፍርድ ያወደሰው ጠበቃም በሕይወት አልነበሩም።