በዝንቧ አንጎል ውስጥ

እስቲ ስሙኝማ። ነገሩ የሆነው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካልቴክ በሚባለው ተቋም ነው። ሲይሞር ቤንዘር የሚባሉ ስመ ጥር ተመራማሪ ነበሩ፤ የፍራፍሬ ዝንብ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወረስ ሲመረምሩ ብዙ ዘመን የኖሩ። እሳቸውና ባልደረባቸው ክዩንግ ታይ ሚን አንጎላቸው ያለ ጊዜው የሚበላሽ ዝንቦችን ይፈልጉ ነበር።

አገኙም። ዝንቦቹ ዕጭ ሳሉ ደህና ናቸው፤ ክንፍ ሲያወጡም ደህና። ካደጉ በኋላ ግን ይደክማሉ፣ የእኩዮቻቸውን ዕድሜ ግማሽ ያህል ኖረው ይረግፋሉ። አንጎላቸው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ በባክቴሪያ ታጭቀዋል። ዓይኑም ጡንቻውም እንደዚያው። ቴትራሳይክሊን ሲሰጧቸው ባክቴሪያው ጠፋ፤ ልጆቻቸው ሙሉ ዕድሜ ኖሩ። ሁለቱ ሰዎች ይህን በ1997 እ.ኤ.አ. ጽፈው አወጡ። ለባክቴሪያውም ፖፕኮርን የሚል ስም ወጣለት፤ የቡና ቁርሳችን ፈንዲሻ መሆኑ ነው።

የሚገርመው፣ ባክቴሪያው ባዕድ አልነበረም። ዎልባኪያ ይባላል፤ በ1924 ትንኝ ውስጥ ከታየ ጀምሮ የሚታወቅ፣ በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ የነፍሳት ደባል ነው። በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ጭምት ሆኖ ይኖራል፤ እንዲያውም ቫይረስ ይከላከልላታል። ታዲያ ይኸኛው ምን ነክቶት ነው?

መልሱ የመጣው ቆይቶ ከፖርቱጋል ነው። በባክቴሪያው ውስጥ ስምንት ዘረመሎችን የያዘ አንድ ቁራጭ አለ። ጭምቱ ዎልባኪያ አንድ ቅጂ ሲኖረው፣ ፖፕኮርን ብዙ ቅጂ ይይዛል። ቅጂው በበዛ ቁጥር ባክቴሪያው ይፈላል፣ የዝንቧም ዕድሜ ያጥራል። ልብ በሉ፤ ከቫይረስ የምታገኘው ጥበቃም አብሮ ይጨምራል። የሚጠብቃትም የሚገድላትም ያው ብዛቱ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ አእምሮዬን የያዘው ይኼ ነው።

ለምን አይቆጠብም ካላችሁ፣ ዝንቧ አብዛኛውን እንቁላሏን የምትጥለው በወጣትነቷ ነው። ባክቴሪያው ወደ ልጆቿ ከተሻገረ በኋላ የእናቲቱ አንጎል ቢፈርስ ለእሱ ብዙም አይጎድልበትም።

ነገሩ እዚህ አላበቃም። ድሬዳዋን በ2013 እ.ኤ.አ. ያመሰውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈውን ትንኝ ታውቋታላችሁ። ቫይረሱ ሰውነቷ ውስጥ በስሎ ለሌላ ሰው እስኪደርስ ቀናት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አሮጊቷ ትንኝ ናት አደገኛዋ። አውስትራሊያ ውስጥ የስኮት ኦኒል ቡድን ፖፕኮርንን ወደ ትንኟ አሻገረው፤ ዕድሜዋም በግማሽ አጠረ። ያረጁት ደግሞ መንደፊያቸው እየታጠፈ ይቸገሩ ጀመር፤ ቆዳ ላይ ይጫኑታል፣ ይጎብጣል፣ አይገባም። ቫይረሱም በውስጣቸው መራባት አቃተው። እንዴት ያለ ተስፋ ነበር!

አውስትራሊያና ቬትናም ውስጥ መንደር ላይ ለቀቋቸው። የዚህች ትንኝ እንቁላል ግን ውኃ እስኪያገኝ ደርቆ መቆየት ያለበት ነው፤ ፖፕኮርን ያለበት ደግሞ ድርቀቱን አይችልም። በዝንብ ያልነካውን እንቁላል እዚህ ነካው። ልቀቱ ሲቆም ባክቴሪያው ከሁለቱም አገር መንደሮች ጠፋ። ሰዎቹም ወደ ጭምቱ ዎልባኪያ ዞሩ፤ በ2011 መጀመሪያ ኬርንስ አካባቢ ተለቆ በዱር ትንኞች ውስጥ ጸንቶ የቀረው እሱ ነው።