የአማና መንደሮች ፎቶግራፎች፤ ስለ አንድ የኅብረት ኑሮ የሚሰጡት ምስክርነት

የአንድን ኅብረተሰብ ያለፈ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የተጻፈ ሰነድን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፍ የሚያስቀረው ጸሐፊው ለትውልድ ሊተላለፍ ይገባዋል ያለውን ብቻ ነው። ውል ይጻፋል፤ ስብከት ይጻፋል፤ የገንዘብ ሒሳብ ይጻፋል። አትክልት እንዴት እንደተላጠ፥ ሠራተኛ መሣሪያውን እንዴት እንደያዘ፥ ቤት በምን እንደተከደነና በር ወዴት እንደተከፈተ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም አይጽፈውም። ዘመኑ ሲለወጥ ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የአዮዋ ክፍለ ሀገር የሚገኙት የሰባቱ የአማና መንደሮች ታሪካዊ ፎቶግራፎች ዋጋቸው የሚታወቀው በዚህ ረገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የማኅበሩ አመጣጥ

የአማና ሰዎች ጀርመናውያን ናቸው። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1714 በሄሰን ግዛት በሂምባክ ሲሆን፥ መሥራቾቹ ኤበርሃርድ ሉድቪግ ግሩበርና ዮሐን ፍሪድሪክ ሮክ ናቸው። እግዚአብሔር በነቢያት አንደበት መናገሩን አላቋረጠም ብለው ስለሚያምኑ የእውነተኛ መንፈሳዊ ቃል ማኅበር ተብለው ይታወቁ ነበር። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በመለየታቸው፥ መሐላንና የጦር አገልግሎትን ባለመቀበላቸው ብዙ እንግልት ደረሰባቸው። በአናጢው በክርስቲያን ሜትዝ መሪነት በ1842 ወደ አሜሪካ መሻገር ጀምረው በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ኤበኔዘር የተባሉ መንደሮችን አቋቋሙ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣባቸው ደግሞ በ1855 ወደ አዮዋ መዛወር ጀመሩ።

አማና የሚለው ስም ከመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን የተወሰደ ነው። እነርሱም ጸንቶ ማመን የሚለውን ትርጉም ሰጥተውታል፤ «በአማን» ለሚለው የግዕዝ ቃል ጆሮው ለለመደ አንባቢም ሥሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከጊዜ በኋላ የማኅበሩ ይዞታ 26,000 ኤከር ያህል ሲደርስ፥ መሬቱ፥ ፋብሪካው፥ ከብቱና ቤቱ ሁሉ የጋራ ነበር። ለሥራ ደመወዝ አይከፈልም፤ እያንዳንዱ አባል ግን ምግብ፥ መኖሪያ፥ ሕክምናና ከመንደሩ ሱቅ ልብስና ቁሳቁስ የሚወስድበት ዓመታዊ ድርሻ ነበረው።

ውኃ፥ ወፍጮና ወጥ ቤት

መንፈሳዊ ሕይወትን ቀዳሚ ያደረገው ይህ ማኅበር በእጅ ሥራውና በኢንዱስትሪውም የሚናቅ አልነበረም። ከ1865 እስከ 1869 ባለው ጊዜ ከአዮዋ ወንዝ ውኃ ጠልፎ የሚያመጣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቦይ ተቆፈረ። በዚህ ቦይ የሚወርደው ውኃ የሱፍ ፋብሪካውንና የዱቄት ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ሰጠ። ከሱፉ ሌላ ማኅበሩ በኢንዲጎ የተነከረና ልዩ ልዩ ንድፍ የታተመበት ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ያመርት ነበር፤ ይህም ጨርቅ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ድረስ በሰፊው ተሽጧል።

የኅብረት ኑሮው ሁለተኛ ሞተር ወጥ ቤቱ ነበር። በግል ቤት አይበሰልም። በሰባቱ መንደሮች ከ50 የሚበልጡ የጋራ ወጥ ቤቶች ሲኖሩ፥ አንዱ ወጥ ቤት ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ ሰዎችን ይመግብ ነበር። በአንዲት ሴት ኃላፊ ሥር የሚሠሩት ሴቶች በጡብ በተሠራ ትልቅ ምድጃ ላይ ያበስላሉ፤ የወጥ ቤቱን የአትክልት ቦታም ይንከባከባሉ። ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ገበታ ተቀምጠው ያለ ጭውውት ይመገባሉ። የጸሎት ስብሰባውም በሳምንት 11 ጊዜ ነበር። ሥራ፥ ምግብና ጸሎት በደወል የሚመሩ እንደ አንድ መሣሪያ ጥርሶች የተያያዙ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተከለከለው ምስል

ይህን ኑሮ በፎቶግራፍ ማስቀረት ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የተቀረጸ ምስል አታድርግ የሚለውን ትእዛዝ በማሰብ፥ እንዲሁም የራስን መልክ አይቶ መደሰትን እንደ ከንቱ ውዳሴ በመቁጠር ፎቶግራፍን አይደግፉም ነበር። የመቃብራቸው ሥርዓት እንኳ ይህንኑ ያሳያል፤ ሙታን የሚቀበሩት በቤተሰብ ሳይሆን በሞቱበት ቅደም ተከተል ነው፤ የመቃብር ድንጋዮቹም ዝቅ ያሉና እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ናቸው። በሞት አንዱን ከሌላው የማይለይ ማኅበር በሕይወት ሳለ የአንድን ሰው ፊት ለይቶ ግድግዳ ላይ መስቀልን ባይወድ አያስደንቅም።

ሆኖም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት የነበሩት የአዮዋ ሲቲ ነዋሪ በርታ ሆራክ፥ ከ1897 ጋብቻቸው በኋላ በርታ ሻምባው የተባሉት፥ ካሜራቸውን ይዘው ወደ መንደሮቹ መመላለስ ጀመሩ። ከነዋሪዎቹ ጋር ወዳጅነት ስለመሠረቱ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በመስታወት ሳህን ላይ ለማስቀረት ቻሉ፤ በ1908 ደግሞ ስለ ማኅበሩ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ካሜራው በውጭ ሰው እጅ ብቻም አልቀረም። ከማኅበሩ አባላት መካከል ካሜራ ገዝተው ጎረቤቶቻቸውንና የሥራ ቦታቸውን ያነሡ ነበሩ። ሕጉ ሳይሻር ልማዱ ቀድሞ መላላቱን የሚያሳየው ዋና ማስረጃም እነዚሁ ፎቶግራፎች ናቸው።

ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩትና የማያሳዩት

እነዚህን ፎቶግራፎች በባለሙያ ዓይን የሚመለከት ሰው ብዙ ያገኝባቸዋል። ቤቶቹ በአካባቢው ድንጋይ፥ በጡብ ወይም ቀለም ባልተቀባ ሳንቃ የተሠሩ ናቸው። በግድግዳው ላይ በተሠራ የእንጨት ርብራብ የወይን ሐረግ ወጥቶበታል፤ ሐረጉ ፍሬ ይሰጣል፤ በበጋም ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርዳል። አንድ ነገር ለሁለት ጉዳይ እንዲውል ማድረግ የመንደሮቹ ጠቅላላ ዘዴ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሴቶቹ ልብስ ተመሳሳይ ነው፤ ጥቁር ቆብ፥ የትከሻ ሻሽና ሽርጥ። በትምህርት ቤት ሴቶችም ወንዶችም ልጆች ሹራብ መሥራት ይማሩ ስለነበር፥ የሥራ ትምህርት ከንባብና ከሒሳብ ያልተለየ እንደነበረ እንገነዘባለን።

ይሁንና ፎቶግራፍም የራሱ ወሰን አለው። በዚያ ዘመን የነበሩት ተራ ሳህኖች ለሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ፥ ለቀይ ግን እጅግ ጥቂት ስሜት ነበራቸው፤ ስለዚህ ሰማዩ ባዶ ነጭ፥ ቀዩ ጡብ ደግሞ ከእውነተኛ መልኩ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። አማናን ያስጠራው የኢንዲጎ ሰማያዊም በሥዕሉ ላይ ሰማያዊነቱ የለም። በቤት ውስጥ ያለው ብርሃን አነስተኛ በመሆኑ ለማንሣት የሚመቸው ደጅ ነበር፤ ሰውም ሥራውን አቁሞ ጸጥ ብሎ መቆም ነበረበት። በመሆኑም ያ የማያቋርጥ የሥራ እንቅስቃሴ የቆመ መስሎ ደርሶናል። ከሁሉም በላይ የጸሎቱ ስሜት፥ የሽማግሌዎች ተግሣጽና የወጣቶች ቅሬታ በመስታወት ላይ አይታተምም። ፎቶግራፉን አይቶ «እንዴት ያለ ሰላማዊ ኑሮ ነበር» ብሎ መደምደም የችኮላ ፍርድ ይሆናል።

ቅሬታው መኖሩን ቀጥሎ የመጣው ታሪክ አረጋግጧል። በመንፈስ ተነሣሥተው ይናገራሉ ከሚባሉት የመጨረሻዋ ባርባራ ሃይኔማን ላንድማን በ1883 ከሞቱ በኋላ እንደ እርሳቸው ያለ ሌላ አልተነሣም። በ1923 የደረሰው የእሳት አደጋ የዱቄት ወፍጮውንና የሱፍ ፋብሪካውን ሕንፃዎች አወደመ። የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ሲጨመርበትና ወጣቶቹ የራሳቸውን ኑሮ ሲሹ፥ አባላቱ በ1932 የኅብረቱን ሥርዓት በድምፅ ብልጫ አስቀሩ። ንብረቱ ወደ አክሲዮን ማኅበር ተዛወረ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው ተለየ፤ የጋራ ወጥ ቤቶቹም ተዘጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመካከለኛው አማና የተጀመረው የማቀዝቀዣ ሥራ አድጎ፥ በ1967 የአማናን ስም የያዘ የቤት ማይክሮዌቭ ምድጃ ለገበያ ቀረበ። በእሳትና በጡብ ምድጃ የታወቀው ስም በአዲስ ዓይነት ምድጃ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። መንደሮቹም በ1965 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እንግዲህ የተዘጋ ወጥ ቤት፥ የተቃጠለ ወፍጮና ያረጀ የጨርቅ ማተሚያ በሥራ ላይ ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር ለመረዳት የሽማግሌዎቹን ክልከላ ተላልፈው ከተነሡት ምስሎች ጋር የሚወዳደር ማስረጃ ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ ካሜራ የኑሯቸውን ሥርዓት ያላላል ብለው መሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ምስል የሚያነሣ ሰው ራሱን ከሌላው ለይቶ ማየት ጀምሯልና። ያ ሥርዓት ካለፈ በኋላ ግን የአባቶችን ትጋት ለልጅ ልጅ የመሰከረው ያው የተጠረጠረው መሣሪያ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም የሥራ ሰው የሚጠቅም ነው፤ ዛሬ ተራ መስሎ የሚታየው የሥራ ቦታና የሥራ ዘዴ ከመፍረሱ በፊት ሊመዘገብ ይገባዋል። ከፈረሰ በኋላ የሚጻፈው ትዝታ እንጂ ማስረጃ አይደለም።