የቬስፓ የኋላ ፍሬን ገመድ፦ ሳይበጠስ በፊት

አንድ መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል “ፍሬን በጠሰ” እንላለን። የመኪና ፍሬን የሚሠራው በዘይት ግፊት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚበጠስ ገመድ የለውም፤ አባባሉ ግን ጸንቶ ቀርቷል። በአሮጌው ቬስፓ ላይ ግን አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው። የነጂውን እግር ከኋላ ጎማው ጋር የሚያገናኘው አንድ የብረት ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ የኋላ ፍሬንም የለም።

መልካሙ ነገር ይህ ገመድ በአብዛኛው በድንገት የማይበጠስ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅና መፍትሔያቸውን ማሳየት፣ በመጨረሻም “ገመዱ ተበጠሰብኝ” የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚያዋጣ መጠቆም ነው።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል?

የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ የቬስፓን ንድፍ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ጎማው ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ ሰንሰለት የለውም። የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ ይያዛል፤ የኋላው ደግሞ በወለሉ ላይ ባለው ፔዳል በቀኝ እግር ይረገጣል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ፒኤክስ በተባለው ሞዴልም ቀጥሏል።

ፔዳሉ ሲረገጥ በወለሉ ሥር በሚያልፈው ቦይ ውስጥ ያለው ገመድ ይሳባል። ገመዱ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ከጎማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የብረት ክንድ ይጎትታል። ክንዷ ስትዞር ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች ወደ ታምቡሩ ትገፋለች። እግር ሲነሳ ሞላው ሸራዎቹን ይመልሳቸዋል።

ገመዱ ራሱ ብዙ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተገምደው የተሠራ ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንደሚባለው ጉልበቱ ከኅብረቱ ነው። የሚበጠሰውም በዚያው መንገድ፣ አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሽቦ፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። የሚበዛው ጉዳት የሚደርሰው ገመዱ ከፔዳሉ ጋር በሚያያዝበትና በክንዷ ላይ በመቆንጠጫ በሚታሰርበት ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ሁለት ጫፎች ናቸው።

ምልክቶቹና ትርጉማቸው

ፔዳሉ ወደ ወለሉ ከወረደ፦ ገመዱ ላልቷል፣ ወይም በመቆንጠጫው ውስጥ እየሾለከ ነው፣ አለዚያም ሸራው አልቋል። ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ፔዳሉ ከከበደ፦ ገመዱ ደርቋል ወይም ዝጓል፣ አለበለዚያ ሽፋኑ የሆነ ቦታ ላይ ታጥፏል። ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግም ግራሶ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

እግር ተነሥቶ ፍሬኑ ካልለቀቀ፦ የተበጠሰች ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ ተሰክታ ይሆናል። ሸራዎቹን የሚገፋው ዘንግ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክምም ይኸው ይከሰታል። ከተነዳ በኋላ ታምቡሩ ከልክ በላይ መጋሉ የዚህ ምልክት ነው።

ሰው ሲፈናጠጥ ፍሬኑ በራሱ ከያዘ፦ የቬስፓ ሞተር ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ሽፋኑ ካጠረ ወይም በተሳሳተ መንገድ ካለፈ ጭነት ሲጨምር ገመዱ ይወጠራል።

ገመዱ ደህና ሆኖ ፍሬኑ ካልያዘ፦ ከማርሽ ቤቱ የወጣ ዘይት ሸራውን አርሶት ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ቬስፓ ላይ ዘይት ማገጃው ጎማ ሲያረጅ የተለመደ ነው። በጎማው ውስጠኛ በኩል ጥቁር እርጥበት ከታየ ገመዱን አይውቀሱ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ማገጃውም ሸራውም ይቀየራል።

ማጥበቅ ወይስ መቀየር?

ብዙ ሰው ፔዳሉ ሲወርድበት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከሞተሩ ሥር ያለውን ማስተካከያ ብሎን ያጠብቃል። ፔዳሉ ከፍ ይላል፣ ጉዳዩም ያለቀ ይመስላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ማጥበቅ ላላ ለማለት መልስ ነው እንጂ ለተበጣጠሰ ሽቦም ሆነ ላለቀ ሸራ መልስ አይደለም። እንዲያውም የቀረችውን ምልክት ይደብቃል።

ለመለየት ክንዷን ማየት ይበቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ ገመዱና ክንዷ በግምት ቀጥተኛ ማዕዘን ሲሠሩ ጉልበቱ ጥሩ ነው። ክንዷ ከዚያ አልፋ ብዙ የምትዞር ከሆነ ሸራው አልቋል ማለት ነው። ከገመዱ ጫፍ አንዲት ሽቦ እንኳ ተበጥሳ ከወጣች ደግሞ ክርክር የለም፤ ገመዱ ይቀየራል። የተበጠሰን ገመድ ቋጥሮ ወይም በይዶ መንዳት ፈጽሞ አይገባም።

አቀያየሩ

አስቀድሞ ቬስፓው በመቆሚያው ላይ በደንብ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹም ዜሮ ላይ ይሁን። የኋላ ፍሬን ገመድ ከማርሽና ከፍሪሲዮን ገመዶች ወፈር ስለሚል ለራሱ የተሠራውን መግዛት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ በክንዷ ላይ ያለው መቆንጠጫ ይፈታል። ቀጥሎ ፔዳሉ ከወለሉ ጋር የታሰረባቸው ብሎኖች ተፈትተው የገመዱ ጫፍ ከፔዳሉ ይላቀቃል። ኮፒሊያ ካለው አሮጌው ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ሽፋኑ ያልታጠፈና ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ገመዱን ብቻ ስቦ ማውጣትና አዲሱን ማስገባት ይቻላል። ሽፋኑም የሚቀየር ከሆነ አሮጌውን ቶሎ ስቦ ማውጣት ትልቅ ራስ ምታት ያመጣል፤ በቦዩ ውስጥ አዲሱን የሚመራው እሱ ነውና። አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስሮ አንዱን እያወጡ ሌላውን ማስገባት ይቀላል።

አዲሱ ገመድ ከመግባቱ በፊት ግራሶ ይቀባል፤ ሽፋኑ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ከሆነ ግን የአምራቹን መመሪያ መከተል ይሻላል። ማስተካከያው ብሎን እስከ መጨረሻው ይመለስ። ይህ ካልተደረገ ገመዱ ነገ ሲላላ የሚጠበቅበት ቦታ አይኖርም። ከዚያ ገመዱ በመቆንጠጫው አልፎ በፒንሳ ይወጠርና ይታሰራል። ሲታሰር ሁለት ቁልፍ መያዝ ይገባል፤ በአንዱ መቆንጠጫውን ይዞ በሌላው ዳዶውን ማጥበቅ። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከታሰረ ገመዱ ይጠማዘዛል፣ አዲስነቱም ያኔውኑ ያበቃል። የተረፈው ጫፍ በስለታም መቁረጫ ይቆረጥና እንዳይበተን ቆብ ይደረግለት።

ሲያበቃ የሚደረግ ፍተሻ

ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ሳይያዝ መዞር አለበት። ፔዳሉ ትንሽ ባዶ እርምጃ ኖሮት ከዚያ መያዝ መጀመር አለበት። አንድ ሰው ኮርቻውን ወደ ታች ሲጫን ሌላው ጎማውን ያዙር፤ ያኔም መያዝ የለበትም። ፔዳሉ ላይ የፍሬን መብራት ማብሪያ ካለ መብራቱ መብራቱ ይታይ። የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሁን። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ስለሚላላ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ታምቡር የሚከፈት ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የድሮ ፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል አቧራው በአፍም ሆነ በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የኋላ ጎማው ዋና ዳዶ በከባድ ኃይል የሚታሰር ስለሆነም ይህን ሥራ ለመካኒክ መተው ይመረጣል።

“ተበጠሰብኝ” እና ሕጉ

እንበልና ጎረቤትዎ ቬስፓዎን ተውሶ ሄደ። ቁልቁለት ላይ ገመዱ ተበጠሰ፣ አንዲት እግረኛም ተጎዱ። እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ነበር። ኃላፊነት አለብዎት?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት እንደሌለበት፣ የጉዳቱ ምክንያት እንደማይታወቅ ወይም ጉዳቱን ለመከላከል እንዳልቻለ በማስረዳት ብቻ ነፃ እንደማይወጣ ይደነግጋል። ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀንስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው። የተበጠሰ ገመድ ግን የእግረኛዋ ጥፋት አይደለም።

በወንጀል በኩል ጥያቄው ቸልተኝነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559 ያስቀጣል። የተበጣጠሱትን ሽቦዎች አይቶ ብሎኑን ብቻ አጥብቆ የነዳ ሰው አደጋው ሊደርስ እንደሚችል አላወቅሁም ለማለት ይቸገራል።

ሕጉ ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሚዛኑን ያስቡት። ገመዱን ጎንበስ ብሎ ማየት የሚችለው ባለቤቱ ነው። መንገድ የምታቋርጠው እናት በቬስፓው ወለል ሥር ምን እንዳለ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ሲል፣ ማስተካከያውን ከመነካካት በፊት ሁለቱን ጫፎች ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።