ቸርኬ፣ ድንጋይና የባለእጅ ልጅ

የድሮ ተማሪዎቼ የትምህርት ቤታችንን ደወል አትረሱትም። የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በሽቦ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ዘበኛው በብረት ሲመታው ከወንዝ ማዶ ይሰማል። በዚህ በጎጃም ደጋ ስንቱ ልጅ በቸርኬ ድምፅ ክፍል ገብቶ በቸርኬ ድምፅ እንደወጣ ቤት ይቁጠረው። ቸርኬው ግን ከመኪናው ጋር የመጣ እንግዳ ነው። ከእሱ በፊት ድንጋይ ነበር የሚደወለው።

ቀልዴን አይደለም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለማችሁ ተንጠልጥለው የሚመቱትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አይታችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ውስጥ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደወሎች በገመድ የተሰቀሉ ቀጫጭን ረዣዥም ድንጋዮች መሆናቸውን ጽፏል። ድምፃቸውን ከሩቅ ከሚሰማ የተሰነጠቀ ደወል ጋር ነው ያመሳሰለው። የነሐስ ደወል እየሰማ ላደገ ሰው እንዲያ ቢመስለው አይገርምም። እኔ ግን አልስማማም። ጥሩ ድንጋይ በደንብ ከተሰቀለ እንደ ብረት ይጮኻል፤ ከተማሪዎቼ ጋር ሠርተን አይተነዋል።

ታሪክ ነበር የማስተምረው። ከፊዚክስ አስተማሪው ጋር ተማክረን ለዘጠኝ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የቡድን ሥራ ሰጠን፤ እንደ ገዳማቱ ደወል በድንጋይ የሚሠራ፣ የትዝታን ቅኝት አምስት ድምፆች የሚያወጣ፣ ግቢው መሃል እንደ ሐውልት የሚቆም ነገር። በጀቱ ዜሮ! አጠና ከግቢው ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጠፍር ከየቤቱ መጣ፣ ድንጋይማ እኛ ጋ ምን ይጠፋል። ጮቄ እኮ ራሱ የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው።

ይሁንና የመጣው ድንጋይ ሁሉ ሲመታ “ዱብ” ብቻ ነው የሚለው። ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ።

ከመሃላቸው አንዱ የባለእጅ ልጅ ነበር። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ደብተር ይዋሱታል፣ ምሳ ግን አብረውት አይበሉም። “ቡዳ” የሚለውን ቃል ፊት ለፊት ማንም አይለውም፤ ከኋላው ይባላል። ይህ ልጅ ድንጋዩን አንጠልጥሎ በጣቱ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። ውስጡ የተሰነጠቀውን በድምፁ ይለየዋል። አባቱ ባሌስትራ ቀጥቅጠው ማጭድ ሲሠሩ ብረቱን የሚፈትኑት እንዲሁ ነው፤ በመዶሻ ነካ አድርገው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን፣ “ቲቸር፣ መሃሉ ላይ ከታሰረ አይጮኽም። መሃሉ ነው የሚንቀጠቀጠው” አለን።

የፊዚክስ አስተማሪው መጽሐፍ ገለጠ። ልጁ ልክ ነበር። ወጥ የሆነ ረጅም ጠፍጣፋ ነገር ሲመታ ከየጫፉ የርዝመቱ 22 ከመቶ ገደማ ላይ ያሉት ሁለት ቦታዎች ናቸው የማይነቃነቁት። ድንጋዩ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከየጫፉ 18 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይታሰራል፤ እዚያ ላይ ጠፍሩ ድምፁን አያንቀውም። ርዝመቱም የራሱ ጣጣ አለው። ውፍረቱ እኩል ከሆነ 80ውን ወደ 57 ማሳጠር ብቻ ድምፁን አንድ ኦክታቭ ከፍ ያደርገዋል፤ ግማሹን ከቆረጡት ሁለት ኦክታቭ ይዘላል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ መጥረብ እንጂ መገመስ የለም። አባቱ መሮ ላኩልን። ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ሁለት ድንጋይ ተሰበረ፣ አምስቱ ቆሙ። ሲመቱ ዘበኛው ሳይቀር ቸርኬውን ትቶ መጣ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ ቀጥቃጩና ፋቂው ግን ዛሬም በሹክሹክታ ይሰደባሉ። በከበሮው እናሸበሽባለን፣ ቆዳውን የፋቀውን ግን ለማዕድ አንጠራም። በታሪክ መጻሕፍታችንም ያሠራው እንጂ የሠራው ስም የለውም። ያን የገዳም ድንጋይ ከስንት ድንጋይ መሃል አንኳኩቶ የመረጠ፣ የት ላይ መታሰር እንዳለበት በጆሮው ያገኘ ሰው ነበር እኮ! ማን ነበር?

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ድንጋይ እንደ ቅርስ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1949 በቬትናም ደጋ ለሙዚቃ የተጠረቡ ጥንታዊ ድንጋዮች ተገኝተው ጆርጅ ኮንዶሚናስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ፓሪስ ወስዶ ሙዚየም አስገባቸው። መወሰዳቸውን አልደግፍም፤ መጠናታቸው ግን ያስቀናል።

ስለ ልጁ ትጠይቁኛላችሁ። ከቡድኑ አብዛኞቹ ምሳ አብረውት መብላት ጀመሩ። አንዷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልበላችም፤ እናቷ ከልክለዋት ነበር። የእኛ ሐውልት አጠናው በሦስተኛው ክረምት በሰበሰና ወደቀ፣ ድንጋዮቹን አጥር ላይ ደረደሯቸው።

በዲማ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በደብረ ወርቅ አካባቢ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በደብራችሁ የተሰቀለ የድንጋይ ደወል ካለ ድምፁን በስልካችሁ ቅዱልኝ። የት ላይ እንደታሰረም በሜትር ለኩት። አረጋውያኑን ደግሞ፣ “ማን ነው የሰቀለው?” ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ “አባ እገሌ አሠሩት” ካሏችሁ፣ “የሠራውስ?” በሉ።