ስፔክትረም፦ የቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም

ስፔክትረም ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ «የሚታይ መልክ» ማለት ነው። በሳይንስ ዘንድ የታወቀው አይዛክ ኒውተን የፀሐይን ብርሃን በብርጭቆ ፕሪዝም አሳልፎ ያየውን የቀለማት ተርታ እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ስም ከጠራው በኋላ ነው። ከዝናብ በኋላ ከጥሊሊ ኮረብታዎች በላይ የሚወጣው ቀስተ ደመናም ስፔክትረም ነው፤ ቀዩ የሚያበቃበትንና ብርቱካናማው የሚጀምርበትን ስፍራ ለይቶ ማመልከት ግን አይቻልም።

ተገልጋዮች ቃሉን በብዛት የሚሰሙት «የሬዲዮ ስፔክትረም» ሲባል ነው። ይህም በተለምዶ ከ3 ኪሎ ኸርዝ እስከ 300 ጊጋ ኸርዝ ያለው የማይታይ ሞገድ ነው። የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክፍል ሲጠቀም፣ የሞባይል ስልክ ደግሞ 900 ሜጋ ኸርዝንና ከዚያ በላይ ያሉ ሌሎች ክፍሎችን ይጠቀማል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ከፍተኛው ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ነገር ግን ቶሎ ይዳከማል። በመሆኑም ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ዳር በደንብ የሚሠራ ስልክ ከጉብታው ጀርባ ሲደርስ ቢቋረጥ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የስልኩ አይደለም።

ይህ ሀብት ውስን ነው። በአንድ አካባቢ ሁለት ማሠራጫዎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ቢይዙ አንዱ የሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ስፔክትረምን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም የሚሠሩት በተፈቀደላቸው ክፍል ብቻ ነው። ከገበያ የተገዛ የኔትወርክ ማጉያ ያለ ፈቃድ በጣሪያ ላይ መስቀል የባለቤቱን ስልክ ቢያሻሽል እንኳ የምሰሶውን መቀበያ ሊያውክ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለምጥ አምቡላንስ የሚጠራ ጎረቤት መስመር ሊያጣ ይችላል። ለጥበቃ ሥራ የሚውሉ የእጅ መገናኛ ሬዲዮኖችም ከመገዛታቸው በፊት ባለሥልጣኑ ሊጠየቅ ይገባል። የአገልግሎት ጥራት ቅሬታ ግን በቅድሚያ የሚቀርበው ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው፤ መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል። የሬዲዮ ጣቢያ ለማቋቋም የሚያስፈልገው የብሮድካስት ፈቃድ ጉዳይ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው።

በጤና ተቋም የሚሰማው ስፔክትረም ሌላ ነው። «ሰፊ ስፔክትረም ያለው» ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን የሚያጠቃ ማለት እንጂ ከሌሎቹ የበለጠ ብርቱ ማለት አይደለም፤ በቫይረስ የሚመጣ ጉንፋንንም አያድንም። «የኦቲዝም ስፔክትረም» የሚባለው ደግሞ በኦቲዝም ሥር ያሉ ሰዎች ሁኔታና የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ እጅግ የሚለያይ መሆኑን ያመለክታል። ከእነርሱ መካከል በቃል የማይናገር አለ፤ በትምህርቱ የላቀም አለ። ሐኪም ይህን ቃል ሲጠቅስ ወላጅ መጠየቅ ያለበት «ሕመሙ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ልጄ በየትኛው ነገር እገዛ ያስፈልገዋል?» ብሎ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ልጆችን ሲያስተምር ቆይቷል።