«ኑር» በሪያድ ሳሎኖች



እ.ኤ.አ. በ2008 በሙቀቱ ወራት በሪያድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራችሁ የሠራችሁ እኅቶች «ኑር» የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ምናልባትም የሻዩን ሰፌድ ይዛችሁ፥ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ፥ ከእመቤቲቱ ጋር አንድ ላይ አይታችሁት ይሆናል። የዚያን ድራማ ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ እኛንም ስለሚመለከት ነው።

ድራማው የተሠራው በቱርክ ነው። «ጉሙሽ» በሚል ርእስ ከ2005 እስከ 2007 በአገሩ ሲታይ እምብዛም ዝና አላገኘም። ኋላ ግን በሶርያውያን ተዋንያን ድምፅ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ በሳዑዲ ባለሀብቶች በተቋቋመው በኤምቢሲ ተሰራጨ። ከዚያ ቀደም የሜክሲኮ ድራማዎች ይተረጐሙ የነበረው በመጽሐፍ ዐረብኛ ነበር፤ ይህ ግን ሰው በቤቱ በሚነጋገርበት በሶርያ ዘዬ ስለ ተናገረ ከተመልካቹ ጆሮ ቀረበ። ጉሙሽ «ኑር»፥ ባለቤቷ መህመትም «ሙሃነድ» ተባሉ። ጣቢያው እንዳስታወቀው ኦገስት 30 ቀን 2008 የታየውን የመጨረሻ ክፍል በዐረቡ ዓለም 85 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል።

ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚወዳትን በሞት ያጣ የመሰለውን ወጣት አያቱ ከገጠር ከመጣች ልጅ ጋር ያጋቡታል። በመጀመሪያ ፊቱን ያዞርባታል፤ ቀስ በቀስ ግን ይወዳታል፤ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ለመሆን ስትጥርም ይደግፋታል። በሽማግሌና በቤተሰብ ስምምነት የተጋቡ አያቶቻችን ያውቁት የነበረውን ነገር፥ ፍቅር ከሠርግ በኋላም ሊበቅል እንደሚችል፥ ድራማው አሳየ።

ሆኖም ከፍ ያለ ውዝግብ ተነሣ። በዚያው ዓመት በጁላይ የመንግሥቱ ታላቅ ሙፍቲ ሼኽ አብዱልአዚዝ አል አሽ ሼኽ የቱርክ ድራማዎችን ማየት እንደማይፈቀድ ተናገሩ። ጋዜጦችም በሙሃነድ ምክንያት ስለ ተጣሉ ባልና ሚስቶች ጻፉ። ብዙዎች ነገሩን የተዋናዩ መልክ ያመጣው ነው አሉ። ሴቶቹ ሲጠየቁ ግን ሌላም ነገር ያነሡ ነበር፤ ይህ ባል ሚስቱን በለሰለሰ ቃል ያነጋግራታል፥ ያዳምጣታል፥ ያከብራታል። ቤቱን ያናወጠው ይህ ንጽጽር ነበር ለማለት ይቻላል።

ተመሳሳይ ጭንቀት በአገራችንም ታይቷል። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፥ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ለሥራቸውም ለባህላቸውም ሠግተው ተቃወሙ። ቤተሰብ ግን በየምሽቱ ተሰብስቦ ማየቱን አልተወም። ከሪያድ የተመለሰች እኅት በዐረብኛ የለመደችውን ዓይነት ታሪክ በእናቷ ቤት በአማርኛ አገኘችው።

ሪያድም ተለወጠች። በማርች 2018 ኤምቢሲ የቱርክ ድራማዎችን ከሥርጭቱ አወጣ። በቀጣዩ ወር፥ በኤፕሪል 18 ቀን፥ ከ35 ዓመታት በላይ ሲኒማ ባልነበረበት አገር በንጉሥ አብደላ የፋይናንስ መንደር የፊልም አዳራሽ ተከፈተ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ የ2008ቱ ጥያቄ ግን በቦታው ነው፤ ባልና ሚስት እንዴት ይነጋገራሉ?

ይህ ጥያቄ ባለቤቱን በአገር ቤት ትቶ ለመጣ ሰው የበለጠ ይከብዳል። ድራማ መጠበቅን አያሳይም፤ «ከሁለት ዓመት በኋላ» ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን እነዚያን ሁለት ዓመታት ቀን በቀን ትኖሩአቸዋላችሁ። ስለዚህ የራሳችሁን ትዳር በሙሃነድ ቃላትና በቦስፎር ዳር ባለው ቤቱ አትመዝኑት፤ ያ ቤት ለዓይን የተሰናዳ ነው። ከድራማው ልንወስደው የሚገባን ግን አንድ መልካም ነገር አለ፤ እርሱም ማዳመጥ ነው፥ ገንዘብም አይጠይቅም።

ዛሬ ማታ ስትደውሉ ስለ ሐዋላው፥ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ከመነጋገራችሁ በፊት «እንዴት ዋልሽ? እንዴት ዋልህ?» በሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ።