ቆቃ፦ በካሳ የተሠራው ሐይቅ

ባለፈው ሰሞን እኛ የማኅበሩ አባላት ገንዘብ አዋጥተን፣ አውቶቡስ ተከራይተን፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ቆቃ ሄደን ነበር። ሐሳባችን ውሃ ዳር አረፍ ማለትና ትኩስ ዓሣ መብላት ነበር። ዓሣውንም በላን፤ ከመንገድ ዳር ሻጮቹም ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን። የያዝነው ቁም ነገር ግን ከዚያ ይበልጣል።

አብዛኞቻችን ቆቃ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የተፈጥሮ ሐይቅ ይመስለን ነበር። አይደለም፤ የተገደበ አዋሽ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ወርራ ላደረሰችው ጥፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት። የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ የጦር ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባን ያበራ የነበረው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ አቅም 7 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ፣ ከታች ያሉት የመስኖ እርሻዎችም ተጠቅመዋል።

ይህ የገቢው በኩል ነው። የወጪውም በኩል አለ። ውሃው የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም፤ የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበት ነበር። ለአገር በመጣው ካሳ የተሠራው ግድብ እነሱን ከግጦሻቸው አፈናቀለ። በሒሳብ ሥራ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ወጪ በመዝገብ ስላልሰፈረ አልወጣም አይባልም። ያንን ወጪ የከፈሉት ከብት የሚያልቡት፣ ቅቤ የሚንጡትና ውሃ የሚቀዱት ሴቶችም ጭምር ናቸው።

ሁለተኛው ወጪ ደግሞ የእኛው ነው። የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው የአቃቂ ወንዝ አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽም ቆቃ ይገባል። የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ቦይ ውስጥ የደፋነው እጣቢ የት እንደሚደርስ በዓይናችን አየን። ሐይቁ ዳር እንስራና ጀሪካን የያዙ እናቶች ሲቀዱ ስናይ የበላነው ዓሣ ጉሮሯችን ላይ ቆመ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንደ መጣንበት ዘፈን አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ፍሳሽ ሆነ። በመጨረሻም አንድ ነገር ተስማማን፦ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበራችን የልብስ ማጠቢያ ቦታ ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንዲቆፈርለት ሐሳብ እናቀርባለን። ወጪው ብዙ አይደለም፤ አስልተነዋል። ደጋፊዎቻችንም ይህን በዓመቱ በጀት ላይ ሲያዩት ከየት እንደመጣ እንዲያውቁት ብለን ጻፍነው። ትንሽ ነው፤ ግን የራሳችንን ዕዳ ከራሳችን ደጅ መክፈል እንጀምር።